ስኳራቸው የተገፈፈ ሕዋሳት

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም «ሞግዚቷ» ይሏታል። ልጅ አልወለደችም፤ የምታሳድገው ከፅንስ የተወሰዱ፣ ማንኛውንም የአካል ክፍል መሆን የሚችሉ ግንደ ሕዋሳትን ነው። በዓል የለ፣ እሑድ የለ፣ ነጭ ጋዋኗን አጥልቃ ምግባቸውን ትቀይርላቸዋለች። «እንደምን አደራችሁ» ስትላቸው የሰማ ሁሉ ይስቅባታል፤ እሷ ግን ደንታም የላትም።

ሕዋሳቱን ከሳህን ወደ ሳህን ለማዛወር የማላቀቂያ ፈሳሽ ይጨመርባቸዋል። ሌሎቹ ባለሙያዎች ትንሽ ቆይተው የሳህኑን ጎን መታ መታ ያደርጋሉ። እሷ መምታት አይሆንላትም፤ በራሳቸው እስኪለቁ ትጠብቃለች። ፈሳሹ ሲቆይ ታዲያ የሕዋሱን ገጽ ያለበሰውን ስኳርም ይገፍፋል። ስኳሩ ለሻይ የምንጨምረው ዓይነት አይደለም፤ እንደ ጸጉር ከገጹ የበቀለ ነው። ሕዋሱ «ዓይን ሁን»፣ «ልብ ሁን» የሚለውን መልእክት የሚቀበለው በእሱ ነው። ደግነቱ፣ ካረፈ መልሶ ይበቅልለታል። እሷም ሁልጊዜ ታሳርፋቸው ነበር።

ሕዋሳቱ ዓይኑ ውስጥ እንዲተከሉለት የሚጠብቀው የታላቅ ወንድሟ ተራ ሲደርስ ግን አላሳረፈቻቸውም። ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው፤ አንድ ዓይኑ ከጠፋ፣ ሌላውም ከደከመ ወዲህ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባው በዳበሳ ነው። የሚተክልለት ሐኪም ቀጠሮውን ሲያስቀድምለት በደስታ አበደች፤ ስኳራቸው ሳይበቅል «ዓይን ሁኑ» የሚለውን መልእክት የያዘውን ፈሳሽ አፈሰሰችባቸው። ሕዋሳቱ በጠፋው ዓይኑ ገቡ፤ የተረፉት ለክትትል ሳህን ላይ ቀሩ።

ሁሉም እያደር መጥቆር ነበረባቸው፤ የዓይን ሕዋስ መሆናቸው የሚታወቀው በዚያ ነው። ዛሬ ጠዋት የማሞቂያውን ሳጥን ስትከፍት ግን ነጭ ናቸው። ነጭ፣ ክብ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተቆለለ። መልእክቱ አልደረሳቸውም። ምን እንደሚሆኑ ያላወቁ ሕዋሳት መብዛት ብቻ ነው የሚችሉት፤ ዕጢም የሚጀምረው እንዲህ ነው። እነዚያ በወንድሟ ዓይን ውስጥ ያሉትም የእነዚህ እህቶች ናቸው።

ሐኪሙ ጋ ልትደውል ስልኳን ስታነሳ ስልኩ ቀድሟት ጮኸ። ወንድሟ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ!»

«ምን ተገኘ፣ ጋሼ?»

«በዚያ በጠፋው ዓይኔ ነጭ ነገር ይታየኝ ጀመር። ትናንት ነጥብ ነበር፤ ዛሬ ሰፋ ብሏል። ልጆችሽ እያደጉ ነው መሰለኝ።»

ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«አዎ፣ እያደጉ ነው» አለችው እንባዋን እየዋጠች። «ከቤት እንዳትወጣ። መጥቼ ሐኪሙ ጋ እወስድሃለሁ።»

«ልናመሰግነው ነው?» አለ ወንድሟ እየሳቀ።