ከቲፎዞው አለቃ ጋር ወደ ደወሌ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ለአንድ ምዕራፍ ብዬ ነው። በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት አርታኢ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ከጅጅጋ አንድ የመጽሐፍ ረቂቅ ደርሶን ነበር። ጸሐፊው ታምሩ ይባላል። በወጣትነቱ ኳስ ሜዳ ድንጋይ የሚወረውር፣ የሌላውን ቡድን ደጋፊ እያሳደደ የሚደበድብ የቲፎዞ አለቃ ነበር፤ በዚሁ ጥፋቱም ታስሮ ወጥቷል። መጽሐፉ ይህንኑ ሕይወቱን ይተርካል። ወደድነውና ልናትመው ተስማማን። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ግን ታምሩ ስልክ ደወለና፣ «የበረኛው ምዕራፍ ሰውየው ራሱ ሳይሰማው አይታተምም» አለን።

በረኛው ከብዙ ዓመት በፊት በታምሩ ድንጋይ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ነው። የት እንዳለ ታምሩም አያውቅም። አለቃዬ ተበሳጨ። «ሂጂና ወይ ሰውየውን አግኙት፣ ወይ ምዕራፉን አውጡትና እንገላገል» ብሎ ላከኝ።

ከድሬዳዋ ወደ ጅጅጋ

የድሮው ባቡር ከቆመ ቆይቷል፤ የአዲሱ ሐዲድ ደግሞ ገና እየተዘረጋ ነበር። ስለዚህ በአውቶቡስ ድሬዳዋ ገብቼ አደርኩና በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ከታች የተውነው ሙቀት በነፋስ ተተካ። ሐረር ላይ መኪና ቀየርኩ። ባቢሌ ስንደርስ ሴቶች ትኩስ ኦቾሎኒ በጋዜጣ ጠቅልለው በመስኮት አቀበሉን፤ ሾፌሩ ሳይቀር እየፈለፈለ ነዳ። ከዚያ የዳካታ ሸለቆ መጣ። አንዱ ቋጥኝ በሌላው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ እያሰኘ፣ ግን ሳይወድቅ ይኖራል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጅጅጋ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ወደ ማን እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ታምሩ ወደሚባል ሰው። መጽሐፍ ጽፏል።»

«የትኛው ታምሩ? ታምሩ ዳጋህ እንዳይሆን ብቻ።»

ዳጋህ በሶማልኛ ድንጋይ ማለት ነው። እሱ ሳይሆን እንደማይቀር ነገርኳቸው።

«ቡድኑ የተሸነፈ ቀን ሱቅ እንዘጋ ነበር» አሉ። «ዛሬ ደግሞ የባለቤቴን የይግባኝ ማመልከቻ የጻፈልኝ እሱ ነው። ሰው እንግዲህ እንዲህ ነው።»

የካራማራን ተራራ ዞረን ስንወርድ የጅጅጋ ሜዳ ተዘረጋ። ነፋሱ ከመኪና እንደወረድኩ ነጠላዬን ነጠቀኝ፤ አንዱ ባጃጅ ነጂ ሮጦ ያዘልኝና እግረ መንገዱን ደንበኛው አደረገኝ።

ጅጅጋ

ታምሩን ያገኘሁት ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ነው። ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጥላ ተክለው በተርታ ተቀምጠዋል። ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ጠብቄ ነበር። ታምሩ ግን ቀጭን ነው፤ መነጽር ያደርጋል፤ ሲናገርም ጠጋ ካላሉት አይሰማም። አንዲት ባለጉዳይ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ሴትየዋ በሶማልኛ እያለቀሰች ትናገራለች፤ እሱ በአማርኛ ይጽፋል፤ መልሶ በሶማልኛ ያነብላታል። ደግሞ ይሰርዛል።

ምሳ ሱቃር አዘዘልኝ፤ ሥጋው በደቃቁ ተቆራርጦ በሽንኩርት ተጠብሶ ከሩዝ ጋር ይቀርባል። እሱ የግመል ወተት ሻይ ብቻ ጠጣ።

«መጻፍ የጀመርኩት እስር ቤት ነው» አለኝ። «ቋንቋውን ሁለቱንም ስለማውቅ እስረኛው ሁሉ ማመልከቻ ጻፍልን ይለኝ ነበር። የተበደለ ሰው እንዴት እንደሚናገር እዚያ ሰማሁ። ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ስታዲየም ውስጥ ሰው አይሰማም፤ ይጮኻል።»

አያቱ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። አባቱ በልጅነቱ ሞቱ። እናቱ ሱቅ ውለው ሲገቡ እሱ ከሜዳ አይመለስም ነበር። «ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ሜዳ ስሄድ ግን ሺህ ሰው በኔ ጭብጨባ ይነሣል። ጥጋብ ብቻ አልነበረም፣ እህቴ። ደስታም ነበረው። መጽሐፉ ውስጥ ያን መደበቅ አልፈለግሁም።»

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ወሰደኝ። እናቱ እማማ አስካለ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ማን እንደሆንኩ ሲሰሙ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ መጽሐፍ እኔ ሳልሞት መታተሙ ግድ ነው?»

«እማማ፣ ልጅዎ እንዴት እንደተለወጠ ነው የሚናገረው» አልኳቸው።

«መለወጡንማ አገር ያውቀዋል። የሞተ ነገር ምን ያስቆፍራል?»

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዬን አንስቼ ስሰናበታቸው ግን እማማ አስካለ እጄን ይዘው አስቀሩኝ። ዓይናቸው ከልጃቸው ላይ ነበር።

«ያን ቀን ፖሊስ ሲመጣ አልጋ ሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ» አሉት። «ሦስት ቀን እዚያው አበላሁህ። ያ የሰው ልጅ ሐኪም ቤት ተኝቶ። ካገኘኸው፣ እናቴም ይቅርታ ትላለች በለው።»

ታምሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ይህ ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም። እኔም ጻፈው አላልኩትም።

ሽንሌ

በመጣሁበት መንገድ ወደ ድሬዳዋ ተመለስን፤ ከዚያ ሽንሌ ቅርብ ናት። በረኛው ይጫወት የነበረው ለሽንሌ ልጆች ቡድን ነው። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ግራር፣ ደረቅ ወንዝ፣ ውኃ የጫነች አህያ። ሙቀቱ ከመሬት ወደ ላይ ይመጣል። ጎማ የሌለው ሎንቺና አጥር ሆኖ ፍየሎች ታጉረውበታል።

የቡድኑ አሰልጣኝ የነበሩት ሐጂ ዑመር ዛሬ ስኳርና ዱቄት ይሸጣሉ። ሱቃቸው ስንገባ ታምሩ በሶማልኛ ሰላምታ ሰጥቶ ስሙን ተናገረ። ሽማግሌው አወቁት። የተዘረጋውን እጁን አልጨበጡትም። ለእኔ በርጩማ ሰጡኝ፤ እሱን እንደቆመ ተዉት። እኔም እንድሰማ ይመስላል፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«ለምን ትፈልገዋለህ? ሁለተኛው ዓይኑ ቀርቶብህ ነው?»

ታምሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን አልወጣም። «የጻፍኩትን ላነብለት ነው» አለ። «አትም ካለኝ አትማለሁ። ተው ካለኝ እቀደዋለሁ።»

ሐጂ ዑመር ወደ ገባች አንዲት ደንበኛ ዞሩ። ስኳር መዘኑላት፣ መልስ ሰጧት። ከዚያ፣ «ደወሌ ነው ያለው። ጎሚስታ ከፍቷል» አሉ። «ያ ድንጋይ ባይሆን ድሬዳዋ ያለ ትልቅ ክለብ ይወስደው ነበር። ይህንንም ጻፍ።»

ደወሌ

ወደ ጅቡቲ ባዶውን የሚሄድ ከባድ መኪና አሳፈረን። ሾፌሩ ከእኔ አንድ መቶ ብር ተቀበለ፤ ታምሩን ግን ሶማልኛውን ወዶለት በነፃ ጫነው። በግራ የድሮው ሐዲድ አሸዋ እየዋጠው ይከተለናል፤ አንዳንድ ቦታ የአዲሱ ሐዲድ ሠራተኞች አፈር ሲደለድሉ አየን። አቧራው ሲበዛ መስኮት እንዘጋለን፤ ሙቀቱ ሲበዛ እንከፍታለን። ታምሩ ረቂቁን ጭኑ ላይ ይዞ አንድም ጊዜ አልገለጠውም።

ደወሌ ድንበር ናት። የጉምሩክ ተራ የሚጠብቁ መኪኖች ከከተማዋ ይረዝማሉ። ሻይ ቤቱ ብርም የጅቡቲ ፍራንክም ይቀበላል። ጎሚስታውን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ የተደረደረ አሮጌ ጎማ ራሱ ጠራን።

በረኛው ፋራህ ረጅም ነው። ከጎማ ውስጥ ጎትቶ ያወጣትን ከመነዳሪ ውኃ በርሜል ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ቀኝ ዓይኑ ነጭ ነው። ታምሩ ፊቱ ቆሞ ማን እንደሆነ ነገረው። ፋራህ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። ቀዳዳውን አገኘው፣ ለጥፎ ጨረሰ፣ ባለመኪናውን ሸኘ። እጁን ታጥቦ መጣና ሁለት ጎማ ገልብጦ መቀመጫ አደረገልን።

ታምሩ ማንበብ ጀመረ። ረቂቁ በአማርኛ ነው፤ እሱ ግን እያየ በሶማልኛ ነው የሚናገረው። እኔ ሶማልኛ አላውቅም፤ ገጾቹን ግን ደጋግሜ ስላረምኳቸው የት እንደደረሰ በጣቱ እከተል ነበር። አንዳንዱን አንቀጽ ዘለለው። እኔ ያደነቅኋቸውን፣ ነፋሱንና ደመናውን ያመሳሰለባቸውን ቦታዎች ሁሉ ዘለለ። ኋላ ስጠይቀው፣ «እሱ ፊት ሲሆን አፌ አልል አለኝ» ነው ያለኝ። ረጅም ያልኩት ምዕራፍ የቀረበልን ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። መጨረሻ ላይ የእናቱንም መልእክት ነገረው መሰለኝ፤ «አስካለ» ሲል ሰማሁ።

ፋራህ ወደ እኔ ዞረ። «መጽሐፉን የምታዪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው በአማርኛ ልንገርሽ። ይሄ ሰውዬ፣ ድንጋዩ ሲመታኝ ወደቅሁ፣ ኳሷም ከእጄ አምልጣ ብቻዋን እየተንከባለለች መረብ ገባች ይላል።»

ቦታውን አውቀዋለሁ። ከመጽሐፉ ሁሉ የወደድኩት ዓረፍተ ነገር እሱ ነው፤ ለሽፋኑ ጀርባ መርጬው ነበር።

«ውሸት ነው» አለ ፋራህ፣ ሳይቆጣ። «ኳሷ እጄ ላይ ነበረች። አልለቀቅኋትም። ደሙ ሸፍኖኝ፣ ምንም ሳይታየኝ፣ እንዲህ አቅፌያት ቆሜያለሁ። ዳኛው ነው ከእጄ የወሰዳት። ያን ቀን ጎል አልገባብኝም።»



«አንተ እንዴት ታያለህ?» አለው ወደ ታምሩ ዞሮ። «ወርውረህ ሮጠሃል።»

አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ ፋራህ ጠብቅ ብሎ እጁን አነሣለት።

«አዎ፣ ሮጫለሁ» አለ ታምሩ። «ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም።»

«እንግዲያው ያላየኸውን አትጻፍ። ደግሞ 'አንድ በረኛ' ትላለህ። ስም የለኝም?»

«እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።»

«እኔን ምን ያሳፍረኛል? የሚያፍረው አንተ ነህ። ፋራህ ጉሌድ ሮብሌ ብለህ ጻፍ። የአባቴንም የአያቴንም።»

ምዕራፉ ይታተም እንደሆነ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። «ይታተም» አለ። ይቅርታውንስ ብዬ ለመቀጠል ፈልጌ ነበር፤ እሱ ቀደመኝ። «ይቅርታ ሲል ሰምቻለሁ። ዓይን ግን በአንድ ሻይ አይታለፍም። እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ነኝ፤ ሲፈልግ ደግሞ ይምጣ።» ከዚያ ታምሩን አየውና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እናትህን ግን ሰላም በልልኝ። የኔም እናት ብትሆን አልጋ ሥር ትከተኝ ነበር።»

ሲያሰናብተን ታምሩን ጨበጠው። አጨባበጡ የበረኛ ነበር፤ ታምሩ ጣቶቹን እያፍታታ ሄደ።

መመለስ

ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ መኪና ያዝን። አሸዋው መሐል አንድ ቦታ መኪናው ግመሎች እስኪያልፉ ቆመ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሲወድቅ አየው ነበር» አለኝ ያኔ። «ሌሊት በሕልሜ፣ ቀን በሐሳቤ። እኮ አልወደቀም።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ግመሎቹ አልፈው መንገዱ ሲከፈት እሱ ገና ይጠርግ ነበር። ድሬዳዋ ተለያየን፤ እሱ ወደ ጅጅጋ፣ እኔ ወደ አዲስ አበባ።

ቢሮ ስገባ አለቃዬ የተስተካከለውን ምዕራፍ አነበበ። «ያቺ ምርጥ ዓረፍተ ነገር የት ሄደች?» አለ። እውነት እንዳልነበረች ነገርኩት። «ትዝታ አይደል? ጸሐፊው እንዲያ ትዝ ካለው ምን አለበት?» ብሎ ተከራከረኝ።

ከዚህ ጉዞ በፊት ቢሆን እስማማ ነበር። እኔ የተቀጠርኩት አማርኛው እንዲያምር ነው፤ ስለ ተጸጸተ ሰው ሲሆን ደግሞ ሲያምር ያስለቅሳል። ታምሩም አልዋሸም፤ ጸጸቱ ነው ሰውየውን የጣለው። የተበደለው ሰው ወድቆ ካልታየው ጥፋቱ ትንሽ የሚሆን መስሎት ነበር። ደወሌ ባልሄድ ኖሮ ፋራህን ለሁለተኛ ጊዜ የምንጥለው እኛ ነበርን፤ እኔም ሽፋኑ ጀርባ ላይ ልለጥፈው ነበር።

መጽሐፉ ማተሚያ ገብቷል። እዚያ ገጽ ላይ አሁን ያለው ታምሩ በስልክ ያስጻፈኝ ነው፤ እኔ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩበትም። «ድንጋዩን ወርውሬ ሮጥኩ። ፋራህ ጉሌድ ሮብሌ ኳሷን አልለቀቀም።»