የጋሪ ልማድ ያልተወው ፈረስ

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ጠጠር ሲል የፈረሶቹን በረት መጥረግና ሣር ማጨድ የእኔ ሥራ ነው። ያን ቀን ማለዳ ግን ባዝራችን ምጥ ጠንቶባት አገኘኋት። ባለቤቴን «ማርያም ማርያም» እያለ አጠገቧ እንዲቆይ ትቼ፣ የእንስሳት ሐኪም ልጠራ ከዳንግላ ጋሪ ነጂ በገዛነው ፈረስ ላይ ወጣሁ።

ለካ ጋሪው ቢቀር ልማዱ አልቀረም! መንገደኛ ለሰላምታ እጁን ባነሣ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ምነው ቆሙ፣ እናቴ?»

«እኔ አልቆምሁም፣ እሱ ነው!»

እነሱ ይስቃሉ፤ እኔ እንባዬ መጥቷል። ኋላማ ሰው ከሩቅ ሳይ «እጅ እንዳታነሡ!» እያልሁ መጮህ ጀመርሁ።

ድልድዩ ዘንድ ቦርሳ ያነገተ ጎልማሳ እጁን አነሣ። ፈረሱ ተገተረ፤ ብለምነው፣ ብጎትተው፣ ወይ ፍንክች!

«ወንድሜ፣ በእመቤታችን ይዤሃለሁ፣ እጅህን አውርድ! ባዝራዬ በምጥ ልትሞትብኝ ነው፤ ሐኪም ልጠራ ነው!»

ሰውየው ከኋላዬ ተፈናጠጠና «እንግዲያው ይመለሱ፤ የእንስሳት ሐኪሙ እኔ ነኝ፣ ጋሪ እየጠበቅሁ ነበር» አይለኝም!

ውርንጭላዋን ስቦ ሲያወጣት እልልታዬን ጎረቤት ሁሉ ሰማው።