ፏፏቴውና መርዶው

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው ሞት ማርዳት ነውር ነው። ሟቹ ይቀበራል፣ የሰባት ቀኑ ለቅሶ ያበቃል፤ ተጓዡ ግን አገሩ እስኪገባና ደግፎ የሚይዘው ዘመድ እስኪከበው ድረስ «ሁሉ ደህና ነው» እየተባለ ይቆያል። ከጎንደር ወደ አይሁድ አገር መጥተን በሰፈርንባት አሽዶድ ያደገ የእኛ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ጣጣዬም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከጦር ሠራዊት ስወጣ፣ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ማሪና ካለ ካፌ ጥቂት ወራት ሠራሁና እንደ እኩዮቼ ቦርሳዬን አዝዬ ደቡብ አሜሪካን ልዞር ተነሣሁ። ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ከእናቴና ከእኔ ጋር የሚኖሩት አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ነገሩ አልገባቸውም። እሳቸው አገር ያቋረጡት አንድ ቦታ ለመድረስ ነው፤ ከጎንደር ገጠር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ።

«ምን ልታመጭ ነው የምትሄጅው?» አሉኝ።

«ምንም አባባ። ፏፏቴ ለማየት፤ ቲዩል፣ ሽርሽር ነው።»

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሲባል ነበር የሰማሁት። አንችን ምን ነካሽ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግንባሬን ይዘው መረቁኝ።

ከመንገድ ስደውል እናቴ ስልኩን ለእሳቸው ትሰጣቸዋለች። በቪዲዮ መሆኑን ብንነግራቸውም ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል፤ ስለዚህ ከቦሊቪያም ከአርጀንቲናም ሆኜ የማየው የአያቴን ጆሮ ነበር። «ዛሬስ የማን አገር ነሽ?» ይሉኛል። ከነገርኳቸው በኋላ «ድንበሩ ላይ አላስቸገሩሽም?» ይላሉ። ሰው ድንበርን እየሳቀ ሊያልፍ እንደሚችል አንድም ቀን አላመኑኝም።

አርጀንቲናና ብራዚል የሚካፈሉት የኢጓሱ ፏፏቴ የጉዞዬ ሁሉ ምክንያት ነበር። ጦር ሰፈር ሳለሁ ፎቶውን አልጋዬ ራስጌ ለጥፌ እሱን እያየሁ ነው ያገለገልኩት። አብራኝ ከምትጓዘው ጓደኛዬ ጋር ልናየው በዋዜማው እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ድምፅዋ ሻክሯል። አባባን ስጭኝ አልኳት።

«ተኝተዋል» አለች። አሽዶድ ቀትር ነው፤ አያቴ ደግሞ ቀን ተኝተው አያውቁም።

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«መዝጋኑ፣ የቤቱ ማቀዝቀዣ፣ አብርዶኝ ነው። ሁሉ ደህና ነው። አንች ብቻ ራስሽን ጠብቂ።»

ስለ ደህንነት ማንም አልጠየቃትም። ስልኩ ዘንበል ሲልባት ከኋላዋ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው አየሁ። የምኩራቡ ወንበሮች ናቸው፤ ለለቅሶ ካልሆነ የእኛን ደረጃ አይወጡም። እናቴ ስልኩን መልሳ አቃናችው።

ሆዴ አውቆታል። ከጠየቅሁ ግን በማግስቱ አውሮፕላን ፍለጋ መሄዴ ነው፤ ፏፏቴው ደግሞ አጠገቤ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። «ነገ ፎቶ እልክልሻለሁ» ብያት ዘጋሁት።

በማግስቱ ዐይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። የእንጨት መቀመጫ ላይ አረፍ እንዳልን አፍንጫው የረዘመ፣ ጭራው ቀለበት ቀለበት ያለ እንስሳ መጥቶ የጓደኛዬን ዳቦ ነጥቋት ሮጠ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ በረጅሙ ድልድይ ሄደን ወንዙ እንዳለ ወደ ገደሉ የሚገለበጥበት ጫፍ ላይ ቆምን። የውሃው ጢስ ልብሳችንን አበሰበሰው። ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር ትጮሃለች፤ አልሰማትም። ሰው ቢጠራኝ የማልሰማበት ቦታ መቆሜ ደስ አለኝ። አያቴን አስቤ አለቀስኩ ብል ለእኔም ለአንባቢም ጥሩ ነበር። ግን ደስ ነበር ያለኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ወደ ብራዚል ተሻገርን። ድሮ እኔ ነበርኩ የምደውለው፤ አሁን እናቴ በየቀኑ መደወል ጀመረች። ምን በላሽ፣ የት አደርሽ ትልና ዝም ትላለች። ዝምታው ሲረዝምብኝ ስለ ፏፏቴው አወራለሁ፤ ያወራሁትንም ደግሜ አወራዋለሁ። ለአያቴ ሰላምታ መላክ አቆምኩ። ለሞተ ሰው ሰላም በይልኝ ማለት አፌ አልቻለም። መተዌ ራሱ እንደሚያሳብቅብኝ አላሰብኩም።

ስመለስ አጎቴ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለኝ። መኪናውን ወደ ቤታችን ሳይሆን ወደ ሮቫ ቫቭ ሰፈር፣ ወደ አክስቴ ቤት ሲያዞረው ምንም አልጠየቅሁም። በማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው አያቴ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ጮህኩ፣ ወደቅሁ። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ ድንጋጤው የውሸት። ሴቶቹ «ምስኪን፣ ምንም ሳትሰማ» እያሉ ደረቴን ደገፉ፣ ፊቴን አጠቡኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ሰው ሲሳሳ እናቴን ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ አገኘኋት።

«እማ፣ አውቄ ነበር» አልኳት።

«ማወቅሽንማ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እኔ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? እኛ ዘንድ አይደረግም። ብትጠይቂኝ ግን አልዋሽሽም ነበር።» ወደ እኔ አልዞረችም። «ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገባ፤ እኔ ከባዶ አልጋቸው ጋር ቀረሁ። በየቀኑ የደወልኩልሽ፣ ዛሬ ትጠይቀኛለች፣ ጠይቃኝ አብራኝ ታለቅሳለች ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ቀን እኔ የነገርኳት ስለ ፏፏቴው ነበር።