ጎማዎቹ ክሊም ቤት፣ እኔ ጣሪያ ላይ

ባሌን ሀራሙስ ሰፈር ድረስ የላክሁት ፍሪጅ እንዲገዛልኝ ነበር። እዚያ የሚኖር አንድ ፈረንሳዊ መኮንን የጅቡቲ ቆይታውን ጨርሶ ዕቃውን እየሸጠ ነው ተብሎ። እነሱ አገራቸው ሲገቡ የማይሸጡት ነገር የለም፤ መጋረጃ ሳይቀር ይሸጣሉ። ባሌ ግን ክሩዘር የሚሉትን ሞተር ሳይክል ፒክአፕ ላይ አስጭኖ መጣ፤ ያንን እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ ሆኖ የሚነዳውን ግዙፍ ነገር። ፍሪጁስ ስለው ፍሪጁማ አሮጌ ነው አለኝ። ሞተሩ በፒክአፕ የመጣው ለክብሩ እንዳይመስላችሁ፤ ከመቆም ብዛት ጎማዎቹን ፀሐይ ሰነጣጥቋቸው ነው። ባሌ ደግሞ፣ አላህ ዕድሜ ይስጠውና፣ አጭር ነው። ሲቀመጥበት መሬት የሚደርስለት አንዱ እግሩ ብቻ ነው።

ያኔ በዶራሌ የኮንቴይነር ወደቡ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኛ የምንኖረው ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከጨርቅ ሱቃችን ጀርባ ነው። ሁለት ክፍል አለን፤ ክሊም፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሙቀቱ ሲመጣ አቅም ያላት ሴት ሁሉ ልጆቿን ሰብስባ ወደ ድሬዳዋ ወይ ወደ ሐረር ትወጣለች፤ ከተማው ለወንዶችና ለፍየሎች ይቀራል። እኔ መሄድ አልቻልኩም፤ እርጉዝ ነበርኩ። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ጨንግፎብኛል፣ ሐኪሙም መንገድ የሚባል ነገር እንዳታስቢ ብሎኛል። ስለዚህ ተስፋዬ ሁሉ ያ ክሊም ያለው ክፍል ነበር። የቀረኝን ቀን እዚያ ተኝቼ፣ ልጄንም እዚያ ላሳድግ፣ ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። እፈራ ነበር። በጣም ነበር የምፈራው።

የሞተሩ የፊት ጎማ ብዙም አላስቸገረም፤ ቶሎ ተገኘ። ጉዱ የመጣው ከኋላው ነው። ባሌ ምክር የሚጠይቀው በርጫ ላይ ነው፤ ከሰዓት ጫቱ ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስበው ሲቅሙ ማለቴ ነው። ሦስት አማካሪዎች አሉት። አንደኛው ከወደቡ አዲስ አበባ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ደረቅ፣ ጥርሱ የጠለቀ፣ ዕድሜ ልክ የማያልቅ ጎማ ነው የሚያዋጣህ አለው። ሁለተኛው ከጉምሩክ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው፤ ፈረንሳይ ያልተሠራ ጎማ ጎማ አይባልም አለው። ሦስተኛው ባለታክሲ ነው። እሱ ደግሞ ይህን ለሚያክል ሞተር የታክሲ ጎማ ግጠምለት፣ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ መሬት ይይዛል አለው። እስቲ አሁን የታክሲ ጎማ ለሞተር ምን ይባላል? የጫቱ ምርቃና ሲመጣ ግን ሦስቱም ልክ ናቸው። ባሌ አመሻሽ ላይ አንዱን መርጦ፣ ልቡ ሞልቶ ይገባል። ሲነጋ ምርቃናው ይወጣል፣ ምርጫውም አብሮት ይወጣል።

የጨርቅ ነጋዴ ቤት ነን አላልኳችሁም? ጨርቅ ሱቅ ቆሞ አይመረጥም። የታወቀ ደንበኛ ጣቃውን ቤቱ ይወስዳል፣ ሴቶቹ ይዳስሱታል፣ በፀሐይም በመብራትም ያዩታል፣ ልባቸው ያልወደደውን አሳድረው ይመልሳሉ። የባሌ አባትም የነገዱት እንዲሁ ነው። እሱ ታዲያ ጎማም እንዲሁ የሚመረጥ መሰለው። ሻጮቹም ቤተሰቡን ስለሚያውቁ እምቢ ማለት አፈሩ፤ እሺ፣ ወስደህ እየው ብለው ሦስቱ አማካሪዎች ያሉትን ሁሉ ሰጡት። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ሦስት ጎማ ልጅቷን ስጡን ሊሉ የመጡ ሽማግሌዎች መስለው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ልሂድ ወይስ ሻይ ላቅርብ፣ ግራ ገባኝ።

ይህ አልበቃ ብሎ ሾፌሩ አንድ ነገር ጨመረበት። ጎማን የሚገድለው መንገድ ሳይሆን ሙቀት ነው አለው፤ በዚህ ሐሩር ያደረ ጎማ ሳይነዳ ያረጃል። ባሌ የፈረንሳዊውን የተሰነጣጠቀ ጎማ አየና ደነገጠ። ሦስቱንም አንሥቶ ክሊም ቤት፣ ከአልጋችን ግርጌ ደረደራቸው። መስኮቱ እንደሆነ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ተደፍኗል። የአዲስ ጎማ ሽታ ለእርጉዝ ሴት ምን እንደሆነ የቀመሰች ታውቀዋለች፤ እኔን የሳሙና ሽታ እንኳ ያስመልሰኝ ነበር። ትራሴን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ያ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ፊቴ ላይ ያራግፋል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ጎማዎቹ ከሥሬ ቀዝቅዘው ተኝተዋል። ወላሂ አንጀቴ አረረ።

አውጣቸው ስለው ማን ውጪ አለሽ ይለኛል፤ ክፍሉ ለሁላችንም ይበቃል። አንዱን መርጠህ ሌሎቹን መልስ ስለው በችኮላ የተመረጠ ነገር አይባረክም ይላል። ልጁ ሲወለድስ ስለው ልጁ እስኪወለድማ እመርጣለሁ ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። አንድ ጠዋት ሆዴን ደግፌ ከጣሪያ ስወርድ ተንበርክኮ ጎማዎቹን ተራ በተራ በጥፊ እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ ሐብሐብ የሚገዛ ነው የሚመስለው። እንደምን አደርሽ እንኳ አላለኝም። ግማሽ ልቤ ሳቀ፣ ግማሹ ቢላዋ አማረው። ሁለቱንም ትቼ ሻዬን አፈላሁ።

ምጡ የያዘኝ በጫት ሰዓት ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ ጅቡቲ ውስጥ ቀትር አልፎ ጫቱ ሲገባ ታክሲ ከመንገድ ይጠፋል፤ ሁሉም ጡሩምባውን እየነፋ ወደ ጫቱ ነው። ባሌን ጠዋት ወገቤን እያመመኝ ነው ብዬው፣ ሐኪሙ ያለው ቀን ገና ነው ብሎ ወጥቷል። ደወልኩለት። ስልኩ አልጋው ላይ ጮኸ። ይህንንም ፅንስ ላጣው ነው ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤታችን ኤዶ መጡ። ኤዶ የምንላቸው፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ሶማሌ አሮጊት ናቸው፤ ዋራበሌ ሰፈር ሲኖሩ ያዋለዱት ልጅ ብዙ ነው። አንዴ ዳሰሱኝና ሆስፒታሉን እርሺው አሉኝ።

ክሊም ቤት አስገብተው ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጠፉልኝ። የጎማውን ሽታ ያን ጊዜ ረሳሁት። እግሬ የሚገፋው ነገር ያስፈልገዋል አሉና ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ዓይናቸው ጎማዎቹ ላይ አረፈ። መጀመሪያ የሾፌሩን እግሬ ሥር አጋደሙልኝ። ስገፋው፣ ደረቅ ነውና፣ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራቶ ሄደ። የትራንዚተሩን፣ የፈረንሳዩን፣ አቆሙልኝ፤ በአንድ ርግጫ ተንከባሎ ሳሎኑን አቋርጦ በተከፈተው በር ወደ መንገድ ወጣ። ኤዶ ከኋላው በሶማሊኛ ሰደቡት። ሦስተኛውን፣ የታክሲውን፣ አጋደሙልኝ። ገፋሁ። ንቅንቅ አላለም። በሁለት እግሬ፣ ባለኝ ጉልበት፣ ጣሪያ ላይ ባጠራቀምኩት ንዴት ሁሉ ገፋሁት፤ ባለበት ያዘኝ። ልጄ መጣች። አልሐምዱሊላህ፣ አለቀሰች።

ባሌ ጫቱን በብብቱ ይዞ ሲመለስ መንገዱ መሃል አንድ ጎማ ተጋድሞ፣ ፍየል ቆማበት ያገኛል። የራሱ መሆኑን ሲያውቅ ማን አባቱ አወጣው ብሎ ፍየሏን አባረረ፣ ጎማውን ታቀፈና እየተቆጣ ገባ። የክፍሉ በር ላይ ሲደርስ የልጅ ድምፅ ሰማ። ጎማውን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። እኔ ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አየሁት። ለዚህ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኜ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እሱ አይዝም፣ መልሰው" አልኩት። "ያኛውም ያንሸራትታል። እኔን የያዘኝ ይኼ ነው።"

እዚያው በሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ተነሣና ሦስቱንም አወጣቸው፤ ጥላ እንኳ ሳይፈልግላቸው ፀሐይ ላይ ጣላቸው። ጫቱንም ላያቸው ላይ ረሳው፣ ፍየሏ በላችለት። ተመልሶ በሩን ዘጋና ክሊሙን ከፍ አደረገልን።

ከአርባ ቀን በኋላ ሁለቱን ለባለቤቶቻቸው መልሶ የታክሲውን ጎማ አስገጠመው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና ነው፤ ጎማው ጠፍጣፋ ስለሆነ ግን መታጠፊያ ላይ አልጋደምም ብሎ ግግም ይላል፣ ባሌ በዚያች በአንድ እግሩ መሬት ሲፈልግ ማየት ነው። በርጫ ላይ ሾፌሩና ትራንዚተሩ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ይህን ምን ብለህ መረጥከው ይሉታል። የተፈተነ ነው ይላቸዋል። የት ተፈተነ ሲሉት ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይመጣል።