ኬኩ ከጀሞ አርባ ምንጭ የሄደበት ቀን

ባለፈው እሑድ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ጀሞ ቤታችን እንደመጣሁ፣ ጎረቤታችን እማማ ዘነበች አዲስ ፍሪጅ ገዝተው ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ እኔም ከሚያግዙት አንዷ ሆንኩ። ፍሪጁ በስንት መከራ ደረጃውን አልፎ ከገባ በኋላ፣ እማማ ዘነበች ከግድግዳው ጋር ልጥፍ አድርገን እንድናስጠጋው ፈለጉ። ከኋላው አቧራም ነፋስም እንዳይገባ ነው አሉ። እኔ በትሕትና፣ እንዲህ ከተለጠፈ በሙቀት ጊዜ በደንብ እንደማያቀዘቅዝላቸው፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት እንደሚያስፈልገው ነገርኳቸው።

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯችሁ ይሄን ነው?» አሉኝ።

አይደለም። ይሄን የተማርኩት አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ዛፍ ሥር ቆሜ ነው።

አክስቴ ታደለች ያን ጊዜ የልብስ ፋብሪካ ሥራዋን ትታ ኬክ መጋገር ከጀመረች ብዙም አልቆየችም ነበር። የምትጋግረው በኮንዶሚኒየም ቤቷ ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። ለልደትና ለምርቃት አንዳንድ ሰዎች ያዟታል፤ የሰርግ ኬክ ግን ማንም አዟት አያውቅም። የአጎቷ ልጅ ብርቱካን አርባ ምንጭ ልታገባ ስትል፣ ኬኩን አክስቴ እንድትሠራ ተወሰነ። ጊዜው የካቲት መጨረሻ ነው። ለብዙው ጎረቤታችን ሁዳዴ ገብቷል፤ እኛ የወንጌል አማኞች ግን በዚያም ወራት እንዳራለን። ብቻ የካቲት በአርባ ምንጭ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው እናቴ፣ ቅቤና ክሬም ይዞ ወደዚያ መውረድ ማለት በረዶ በኪስ መያዝ ነው ብላ አስጠንቅቃ ነበር። እዚያው ጋግሪው የሚላትም ነበር። አክስቴ ጠባዩን በማላውቀው ምድጃ የሰርግ ኬክ አልጋግርም አለች።

የፈራችውን ለእኔ ነግራኛለች። የሙሽራው ቤተሰብ በከተማው የታወቀ ነው፤ ዘመዱም ብዙ ነው። ኬኩ ቆሞ ከታየ ሥራ ታገኛለች። ቀልጦ ከታየ ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ ጀሞ ይገባል፤ እሷም ወደ ፋብሪካው መስመር ትመለሳለች። ይህን ስትነግረኝ እንቁላል እየመታች ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

መፍትሔውን ያመጣው ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ማቴዎስ ነው። አጎቴ ነፋስ ስልክ የብየዳና የላሜራ ጋራዥ አለው። ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ የውጭ ዜጋ የገዛት፣ በፒክአፕ የምትጎተት ትንሽ ቤት ነበረችው። ውስጧ አልጋ፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያና አንድ ፍሪጅ አለ። ፍሪጁ ስትቆም በጋዝ፣ ስትሄድ ከመኪናው በሚመጣ ኤሌክትሪክ ይሠራል። እሱ ካራቫን ይላታል፤ የሰፈራችን ልጆች «የዶሮ ቤት» ይሏታል። ሦስቱን የኬክ ፎቆች ለየብቻ በፍሪጁ መደርደሪያዎች ላይ አስቀምጠን ልንወስድ፣ እዚያ ስንደርስ አክስቴ ልትደራርባቸው ተስማማን። ፍሪጁ ከዋዜማው ጀምሮ ባዶውን ሲቀዘቅዝ አደረ። ጠዋት እጄን ሳስገባ ጣቶቼ ደነዘዙ። ሁላችንም ነገሩ አለቀ ብለን አሰብን።

አክስቴ ከኬኩ አልለይም ብላ ካራቫኑ ውስጥ ተቀመጠች፤ እኔም አብሬያት። አሁን ሳስበው ሰው በሚጎተት ቤት ውስጥ መሄድ አልነበረበትም፤ ያኔ ግን አጎቴም ተከራክሮ አልቻላትም። በዓለም ገና ወጥተን ቡታጅራ ቁርስ በላን። ቆጮው ትኩስ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነበር። ሆሳዕና ስንደርስ እንዲያውም ሹራቤን ለበስኩ። ሶዶ ላይ አቮካዶ ጭማቂ በማንኪያ እየበላን አጎቴ ስለ ፍሪጁ ጉራውን ነዛ።

ከሶዶ ቁልቁል መውረድ ስንጀምር አየሩ ተለወጠ። የጀሞ ሰው ሙቀት ሲባል የሚያውቀው ታክሲ ውስጥ አራት ሆኖ መቀመጥን ነው። እዚያ ግን ሙቀቱ ከሰማይም ከመሬትም ይመጣል። የከሰዓቱ ፀሐይ ካራቫኗን በቀኝ ጎኗ፣ ልክ ፍሪጁ ባለበት በኩል ያዛት። መስኮቶቹ በሙሉ ዝግ ነበሩ። አክስቴ አውቶቡስ ውስጥ ማንም ሳይቀድማት ተነስታ መስኮት ከሚዘጉት ሰዎች አንዷ ናት። ከወባ፣ ከረሃብ፣ ከመኪና አደጋ፣ ከሁሉም በላይ የምትፈራው ብርድ እንዳይመታት ነው። እኔ ላቤን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ። ታላቅን መስኮት ክፈቺ ማለት በቤታችን የለም።

አክስቴ ታዲያ የፍሪጁን በር በየጊዜው ትከፍታለች። አየት አድርጋ ትዘጋለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትከፍታለች። አንዴ ስትከፍት ግን ሳትዘጋ ቀረች። የላይኛው ፎቅ ክሬም አልቦት ነበር። ከጫፍ ያሉት የክሬም ጽጌረዳዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። እጄን አስገባሁ፤ ውስጡ የጓዳ ቅዝቃዜ እንኳ አልነበረውም። ለአጎቴ ስልክ ደወልኩና እንዲቆም ነገርኩት።

ሙዝና ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ከተቀመጡበት ትልቅ ዛፍ አጠገብ ቆመ። ወርዶ የካራቫኗን ጎን በመዳፉ ነካና ቶሎ አነሳው። ቀጥሎ ከፍሪጁ ጀርባ፣ በውጭ በኩል፣ አየር የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን ፍርግርግ ፈታ። ከታችኛው ቀዳዳ አንድ ነገር መጎተት ጀመረ። ሲጎትት ሲጎትት አላልቅ አለው፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ጥለት ያለው ነገር ነው።

«ታዴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋቢ ነው።»

«ጋቢ መሆኑንማ አየሁት።»

አክስቴ ያለ ምንም እፍረት አስረዳችው። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ከጀሞ ላፍቶ ሲወስዳት በዚያ በኩል ነፋስ ገብቶ ጎኗን ወግቷታል። አቧራውም ለኬክ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ጠዋት ልንነሳ ስንል፣ ጋዙ ከተዘጋ በኋላ ወርዳ ራሷ ፍርግርጉን ፈትታ ጠቀጠቀችው። በላይኛውም ቀዳዳ አሮጌ ፎጣ እንዳለ ጨመረችለት፤ ፎጣውንም አወጣው። አጎቴ ጋቢውን ታቅፎ ወደ እሷ ዞረ። መጀመሪያ ያለው፣ እንኳን በጋዝ አልሄድን፣ ጋቢሽም እኛም ተቃጥለን ነበር የሚል ነው። ቀጥሎ ግን ሳቁ አመለጠው፤ ሙዝ የሚሸጡት ሴቶችም ምንነቱን ሳያውቁ አብረውት ሳቁ።

ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ በጀርባው ይጥለዋል። ጀርባው ከታፈነ የሚጥልበት ያጣል። ሰው አፉንና አፍንጫውን ታፍኖ ዳገት ውጣ ቢባል እንደማለት ነው። በዚህ ላይ ፀሐዩ አለ፤ የበሩ መከፈትም አለ።

«ኬኩን ታማሚ መሰለሽ እንዴ፣ በየደቂቃው የምትጠይቂው?» አላት።

ሥራ ጀመርን። ካራቫኗን አዙሮ የፍሪጁን ጎን ወደ ጥላው አደረገው። እንዲህ ያለው ፍሪጅ ቆሞ ካጋደለ አይሠራም ብሎ በአንደኛው ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባ፤ ጋዙንም ለኮሰ። አንዲት ሻጭ ሙዟን የምታቀዘቅዝበትን እርጥብ ጆንያ አዋሰችን፤ በካራቫኗ ጎን ላይ ዘረጋነው። ሙቀቱ ግን ከጀርባው ቶሎ አልወጣ አለ። አጎቴ ትንሽ አሰበና ወደ ፒክአፑ ሄደ። ከመሪው በላይ የተከላት፣ በዚያ ሁሉ መንገድ ፊቱን የምታበርድለት ትንሽ ቬንትሌተር ነበረች። እየነቀላት ሲያያት ከዘመድ የሚለያይ ይመስል ነበር። በሽቦ አድርጎ ከላይኛው ቀዳዳ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙሮ አሰራትና ከካራቫኗ ኤሌክትሪክ ጋር አገናኛት። ስትሽከረከር መዳፌን ከፍርግርጉ ፊት ዘረጋሁ። የሚወጣው አየር ከዳቦ ምድጃ በር ላይ እንደሚመጣው ነበር።

ጥላው ሥር ሙዝ እየበላን ጥቂት ቆየን። ከዚያ አጎቴ ጋዙን ዘጋ፣ ኤሌክትሪኩን መለሰና፣ የፍሪጁ በር አርባ ምንጭ እስክንደርስ እንዳይከፈት አዘዘ።

«ሳላየው እንዴት ልመን?» አለችው አክስቴ። ድምጿ ተለውጦ ነበር። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራችው ምን እንደሆነ የገባው።

«እሑድ እሑድ ስለ እምነት የምትዘምሪው ታዲያ ምኑን ነው?» አላት፤ ግን በቀስታ፣ ትከሻዋን ይዞ።

የቀረውን መንገድ አልረሳውም። አክስቴ መስኮቱን በገዛ እጇ ከፈተች። ከዚያ ነፋሱን ፈርታ፣ ከቀዳዳው የወጣውን ጋቢ እስከ ጆሮዋ ተከናነበች። በዚያ ሀሩር በጋቢ ውስጥ ሆና ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። ፊት ለፊት አጎቴ ያለ ቬንትሌተሩ መሪውን በፎጣ ይዞ ይነዳል። በግራችን አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ተዘርግቷል፤ የሙዝ ማሳው አያልቅም። አክስቴ ግን አንዱንም አላየችም። ቀኝ እጇ የፍሪጁ በር ላይ ነበር። ጣቶቿ መያዣውን ጨበጥ ያደርጉታል፤ ይለቁታል። አልከፈተችም።

የሙሽሪት ቤት ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አጎቴ ክፈቺው አላት። እኔ እንድከፍት በዓይኗ ለመነችኝ፤ ከፈትኩ። ቅዝቃዜው ፊቴን ነካኝ። ክሬሙ ጠንክሮ ቆሟል። ያቀረቀሩት ጽጌረዳዎች እንዳቀረቀሩ ደርቀው ነበር፤ አክስቴ ጠዋት አንስታ በእውነተኛ አበባ ተካቻቸው። ያን ማታ ግን ካራቫኑ ደረጃ ላይ ተቀምጣ በጋቢው ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ሁላችንም ላብ ነው ብለን አለፍናት።

በሰርጉ ቀን የሙሽራው አክስት አንድ ጉርሻ ኬክ ወስደው ጉንጫቸውን ያዙ። ቅዝቃዜው ጥርሳቸውን አደንዝዟቸው ነበር። ይህን በዚህ ሀሩር ከአዲስ አበባ እንዴት አድርገሽ አመጣሽው ብለው አክስቴን ጠየቋት። አክስቴ ትንሽ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣

«ነፋስ እንዲያገኘው አደረግን» አለች።

አጎቴን የሚጠጣው ለስላሳ ትን አለው። የሙሽራው አክስት ግን አልሳቁም፤ ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን እንደሚድሩ ነገሯትና ስልኳን ጠየቁ።

አሁን አክስቴ ላፍቶ ውስጥ ትንሽ ኬክ ቤት አላት። ወደ ቆላ የሚሄድ ትእዛዝ ሲመጣ ከኬኩ ጋር ራሷ ትሄዳለች። እኔም ሙቀት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በክፍል ውስጥ በቀመር እየተማርኩ ነው፤ መምህራችን ሲያስረዳ ጋቢው ትዝ እያለኝ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ፈተና ላይ የምጽፈው መልስ ከዚያ ዛፍ ሥር ከሰማሁት ብዙም አይርቅም። በቀመር ያላገኘሁት ግን ሌላውን ነው። የምንወደው ነገር አደጋ ላይ ሲሆን ደጋግመን መክፈት፣ ደጋግመን ማየት እንፈልጋለን፤ መርዳታችን ይመስለናል። እኔም ውጤት እስኪለጠፍ ስጠብቅ እንዲሁ ነኝ። ያን ጊዜ የአክስቴን እጅ አስባለሁ፦ በሩ ላይ ያረፈ፣ መያዣውን ጨበጥ ለቀቅ የሚያደርግ፣ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ያልከፈተ እጅ።