አሥራ አራት መርፌ ከጨሞጋ ማዶ

ባለቤቴ ባዘዘው አንሙት ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር መድኃኒት ቤት ነበረው። ሰዉ “ሐኪም” ይለዋል፤ እሱ “ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት ቀማሚ ነኝ” ይላል፤ ሰዉም “እሺ ሐኪም” ብሎ ይሄዳል። መድኃኒት ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ስድስት ዓመት በድሬሰርነት ሠርቷል፤ ቁስል አጥቧል፣ መርፌ ወግቷል። ጠባዩ ግን የነጋዴ አልነበረም። መርፌ ካልወጋኸኝ ብሎ ክንዱን የገለጠውን ገበሬ “የአንተ በሽታ ቅማል ነው፤ ሂድና ልብስህን ቀቅል” ብሎ ይመልሰዋል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ያዘለች እናት ስትመጣ፣ ውኃ ከየት እንደምትቀዳ፣ ከብቱ ከየት እንደሚጠጣ፣ አፍልታው እንደሆነ ሲመረምራት ከኋላዋ ያለው ሰው ደጅ ላይ ይሰለፋል። “መድኃኒት የሚገዛ ሰው ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው” ይል ነበር። “ሁሉም በጊዜ ቢመጣ እኛ ምን ልንበላ ነው?” እለዋለሁ። ይስቃል። ለገዛውም ላልገዛውም ሳሙና ማስያዝ አመል ሆኖበት የሰፈሩ ሰው “አቶ ሳሙና” እያለ ያማው ነበር። ስሙን ያውቃል፤ ደስም የሚለው ይመስለኛል።

ስለ እሱ ብዙ የማወራው ነበረኝ። ነገር ግን ሰው ባነሣብኝ ቁጥር ወደ አፌ የሚመጣው ያ ክረምት ነው፤ እሱን ካልተናገርኩ ሌላው አልወጣ ይለኛል።

ሐምሌ ስድስት ቀን፣ ጾመ ሐዋርያት በተፈታ ማግስት፣ አበረ የሚባል ገበሬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ። ቤቱ ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ነው፤ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሚስቱን የኔዓለምን በበዓሉ ቀን ያበደ ውሻ ነክሷታል።

“የቁስል ቅባት ይስጡኝ፣ ጌታው” አለ።

ባዘዘው የያዘውን ብልቃጥ አስቀመጠ። “የት ላይ ነው የነከሳት?”

“ባቷን ነው።”

“አጠባችሁት?”

“ኧረ በሥላሴ! ውኃማ እንዴት ተደርጎ!”

በአገራችን ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውኃ አያስነኩትም። ሥር ከሚያውቅ ሰው መድኃኒት ይጠጣል፤ ከዚያ አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይከዳዋል፣ በሽታውም ይነሣበታል ይባላል። ነገሩ ከመሬት ተነሥቶ የተባለ አይደለም። ያ በሽታ የያዘው ሰው ውኃ ሲያይ የሚሆነውን አንድ ቀን ያየ፣ ዕድሜውን ሙሉ ውኃን ቢጠረጥር አልፈርድበትም። የኔዓለምም የመሪጌታ ፍቅረ ሥላሴን ሥር በወተት ጠጥታ አርባዋን ጀምራለች። ስለዚህ ከተማ አትመጣም። በድልድይ ትዙር እንዳይባል፣ ከድልድዩም በታች ያለው ያው ወንዝ ነው።

ባዘዘው ንዴቱ ፊቱ ላይ ሲወጣ አየሁት። ዋጥ አደረገና አበረን አስቀመጠው። “ስማኝ። ይህ በሽታ አንዴ ከተነሣ የሚያድነው መድኃኒት በዓለም ላይ የለም። ከመነሣቱ በፊት ግን መከላከያ መርፌ አለ። አሥራ አራት ቀን፣ በየቀኑ አንድ፣ ሆዷ ላይ። አንድም ቀን አይዘለልም።”

አበረ ትንሽ አሰበ። “መርፌው ለስንት ሰው ይሆናል?”

“የማስመጣው ለአንድ ሰው ነው። ምነው?”

“እንዲያው ነው። እርስዎ ብቻ ይምጡልን፤ ወንዙን እኔ አሻግርዎታለሁ።”

መድኃኒቱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልነበረም። ባዘዘው ስልክ ቤት ሄዶ ግማሽ ቀን ተጎልቶ አዲስ አበባ ያለ ወዳጁን አገኘ። ወዳጁም መድኃኒቱን በረዶ የሞላው ቴርሞስ ውስጥ ከትቶ ለአውቶቡስ ሾፌር ሰጠ። አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ሲደርስ መንገዱን ናዳ ዘጋው። ይህን ስሰማ እኔ “እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው” ብዬ ተውኩት። እሱ ግን ባገኘው የጭነት መኪና ተንጠልጥሎ ደጀን ደረሰ፤ ከደጀን ቁልቁል በእግሩ ወርዶ ናዳው ላይ ቴርሞሱን ተቀበለ። ሐምሌ ስምንት ቀን ወደ ማምሻው በጋቢ ጠቅልሎ ይዞት ገባ። ክዳኑን ስንከፍት በረዶው ቀልጧል፤ ውኃው ግን ገና ጣት ይቆረጥማል። ባዘዘው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ በረዶ በጣለ ቁጥር ከደጅ እየለቀምኩ ያንን ቴርሞስ መሙላት የእኔ ሥራ ሆነ።

በማግስቱ ተጀመረ። ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ለእኔ ትቶልኝ ይወጣል፤ አበረ ወንዙ ዳር ይጠብቀዋል። ጨሞጋ በሐምሌ የሚቀለድበት ወንዝ አይደለም። ቀልቶ፣ ግንድ እየጎተተ ነው የሚወርደው። በድልድዩ መዞር ቀኑን ስለሚጨርስ፣ አበረ ረጅም ዱላውን እየተከለ ባሌን አዝሎ ያሻግረዋል፤ ባሌ መርፌውንና የመርፌ መቀቀያውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ይይዛል። ሲመለስም እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቁስሉን አጥባለሁ ሲል ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ጎረቤቱ “ሊገድላት ነው” አለ። የኔዓለም ራሷ እግሯን ሰበሰበች። ባዘዘው መሪጌታን አስጠራቸው። እኔ የማውቀው ባዘዘው ይሳደባል፤ የዚያን ቀኑ ግን ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው። “የኔታ፣ የእርስዎን ሥር አልነቅፍም። ወንዝም አላሻግራትም፤ እኔው እመላለሳለሁ። ቁስሉን ብቻ በሳሙና ልጠበው። ብትሞት በእኔ ይሁን” አላቸው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ቁስሉን አዩና “የወንዝ ውኃ አይሁን። ከምንጭ ይቀዳና ይሙቅ” አሉ። አጠበው። በእሳቸው ክፉ ለመናገር አፌ አይፈታም፤ ከዚህ ይልቅ የከበደ ፈቃድ ሰው አይሰጥም።

ከወጋት በኋላ መንደርተኛውን ይሰበስባል። ውሻ የነከሰውን ሰው ወዲያውኑ፣ ሥሩም ሳይጠጣ፣ በሳሙና እጠቡት፤ ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ስታዩ ልጆቻችሁን አስገቡ ይላቸዋል። “ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ” እያለ። አበረ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

በስድስተኛው ቀን የኔዓለም ሆዷ አብጦ፣ መቀነት መታጠቅ አቅቷት፣ በቃኝ አለች። “ምን ሆንኩና ነው? ደህና ነኝ እኮ! እናንተ ናችሁ የምታሳምሙኝ።” ባዘዘው ለመነ፤ አልሰማችውም። ያን ጊዜ አበረ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ጮኸባት። “ተወጊ! አራት ልጅ ነው ያለን። አንዳችን እንኳ እንኑርላቸው!” ደንግጣ ተኛችለት። ባዘዘው ማታ ሲነግረኝ “ወንድ ማለት እንዲህ ነው” አልኩት። ሁለታችንም የገባን ይኸው ነበር።

በአሥረኛው ቀን ወንዙ ጠለፋቸው። ባዘዘው አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጎ፣ ግንባሩ ተልጦ፣ መድኃኒቱን ግን አትርፎ መጣ። ጮኽኩበት። የራስህን ልጆች አባት ልታሳጣ ነው አልኩት። “አበረ ያልፈራውን እኔ ልፍራ?” አለኝ። በአሥራ አራተኛው ቀን ይህን አበረ የሚሉትን ሰው ልየው ብዬ አብሬ ሄድኩ። እኔንም አዘለኝ። “እመቤቴ፣ ከሐኪሙ ይልቅ እርስዎ ይከብዳሉ” አለኝ፤ ውኃው መካከል ላይ ሆነን ሳቅን። የኔዓለም የመጨረሻዋን መርፌ ተወጋች። እልል አልኩ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ቅዳሜ ባልና ሚስቱ መድኃኒት ቤት መጡ። አርባው ካለቀ ቆይቷል፤ የኔዓለም በእግሯ ተሻግራ፣ ወፍራ፣ በቅል ማር ይዛልናለች። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። አበረ ግን ከስቷል፤ ዓይኑም አንድ ቦታ አይረጋም።

“ጌታው፣ ጉሮሮዬን ይዞኛል። ምራቄም አልወርድ አለኝ። ኪኒን ቢሰጡኝ” አለ።

ባዘዘው ደስታ ላይ ነበር። “የማር ቀማሽ በሽታ ነው” ብሎ እየቀለደ ኪኒኑን አወጣ፤ እንደ ልማዱ በብርጭቆ ውኃ ቀድቶ “እዚሁ ዋጠው” አለው።

አበረ ብርጭቆውን ተቀበለ። ወደ አፉ ሲያስጠጋው አንገቱ ተገተረ፤ ትንፋሹ ቁርጥ አለ፤ ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። እንደገና ሲተነፍስ ከደረቱ የወጣውን ድምፅ አልረሳውም። ባዘዘው አመዱ ቡን አለ። ዞሮ መጥቶ የአበረን ቀኝ እጅ ያዘና ገለበጠው። ከአውራ ጣቱ ሥር ሁለት ትንንሽ ጠባሳ አለ።

“አንተንም ነክሶህ ነበር?”

አበረ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። “ከእሷ ላይ ሳስለቅቀው ጫር አደረገኝ።”

“ለምን አልነገርከኝም? ለምን?”

“ተነከስኩ ብል አገሩ ወንዝ ያሻግረኛል? ሌላው ሰው ያንን ውኃ ፈርቶታል። ታዲያ እርስዎን ማን ያመጣልኝ ነበር? መርፌውም ለአንድ ሰው ነው አሉኝ።”

“ለሁለትም ለአሥርም አስመጣ ነበር እኮ!” ባዘዘው ጮኸ፤ ደጅ የተሰለፈው ሰው ወደ ውስጥ ተንጠራርቶ አየ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን ተረት ከዚያ ቀን ወዲህ ጠላሁት። አበረ እንደ አገሩ ሰው፣ የተነከሰ ሰው ወንዝ ከተሻገረ ይሞታል ብሎ ከልቡ የሚያምን ነበር። እያመነ በየቀኑ አራት ጊዜ ተሻገረ። ባሌን ሊቀበል፣ ይዞት ሊመለስ፣ ሊሸኘው፣ ብቻውን ወደ ቤቱ ሊገባ። እኔንም አዝሎ አሳቀኝ።

ሆስፒታል አስገባነው። ሐኪሙ ማድረግ የሚቻለው ማስታገሻ መስጠት ብቻ እንደሆነ ነገረን። ባዘዘው ይህን ያውቃል፤ ቢሆንም የመድኃኒት መጻሕፍቱን ሁሉ አውጥቶ መሬት ላይ ዘርግቶ ሲገልጥ አገኘሁት። አንድ መስመር ፍለጋ ነበር። አልነበረም። ከዚያ መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ከአበረ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ነፋስ እንዳይነካው መስኮቱን በጋቢ ሸፈነ። ውኃ የሚባል ነገር ወደዚያ ክፍል አላስገባም።

በሁለተኛው ቀን አበረ ልቡ ተመለሰለትና “ጌታው፣ ወንዙ ነው አይደል የገደለኝ?” አለው።

“ወንዙ አይደለም” አለ ባዘዘው። “ወንዙ ምንም አላደረገህም። የገደለህ እኔ ሳልጠይቅህ መቅረቴ ነው።”

አበረ ይህን ሰምቶ ፊቱን ወደ ተሸፈነው መስኮት አዞረ። ለሚስቱ ብሎ ሞቴ ነው እያለ የተሻገረው ወንዝ ሞት እንዳልነበረ፣ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ሁለቱም ይድኑ እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ባዘዘው ያንን እውነት ባይነግረው ይሻል ነበር ብዬ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አበረ ሞተ።

ከአርባው ተዝካር በኋላ የኔዓለም ከል ለብሳ መጣች። አልተቀመጠችም። ባንኮኒው ፊት ቆማ ባሌን ትኩር ብላ አየችው።

“አሥራ አራት ቀን ቤቴ ገብተዋል። አሥራ አራት ቀን ጀርባው ላይ ነበሩ። አንድ ቀን ‘አንተስ?’ ቢሉት ምን ነበረበት?”

ደሜ ፈላ። ደጀን ድረስ የወረደው፣ ጎርፍ የጠለፈው፣ አንቺን ያዳነው ማነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ባዘዘው ክንዴን ያዘኝ።

“እውነትሽን ነው፣ እኅቴ” አላት። “አልጠየቅሁትም።”

የኔዓለም ሌላ ነገር ልትለው የመጣች ነበረች፤ ጠፋባት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ባንኮኒውን ተደገፈችና፣

“እኔም አጠገቡ እየተኛሁ አልጠየቅሁትም” አለች።