አንገቴ ላይ የተጠመጠመው ሻርፕ

እንቅርቴን ያስወጣሁት መገናኛ አጠገብ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ነው። ጠዋት ቀዶ ሕክምናው አልቆ ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ሲፈቀድ፣ ሁሉን ቀድማ ራስጌዬ የተቀመጠችው የባለቤቴ ታላቅ እህት ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ስለ እኔ "እሷ እኮ ሕመም ማጋነን ትወዳለች" ስትል የኖረች ሴት ናት።

ከሲኤምሲ የመጡት ጎረቤቶቼ ሽቶ ተቀብተው ነበር። እህትየው ገና ሲገቡ "ቁስሉን ሽታ ይመታዋል!" ብላ የራሷን ሻርፕ አወለቀችና ከፋሻው በላይ አንገቴ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችው።

"ሲስተሯን ጠይቀሻል?" አላት ባለቤቴ።

"ስንት ቁስለኛ አስታምሜያለሁ! አንተ ዝም በል።"

ዝም ማለት ላይ ችግር የለበትም።

ብዙም ሳይቆይ አንገቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይወጠር ጀመር። መጀመሪያ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፤ ቀጥሎ ትንፋሼ አጠረኝ። ልናገር ስል ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። ሻርፑን ልፈታ እጄን ሳነሳ፣ እጄን ይዛ አልጋው ላይ መለሰችው።

"አትነካኪው እንጂ!" አለችኝና ወደ ጎረቤቶቼ ዞራ "ደንግጣ ነው" አለቻቸው። "ስትወልድም እንዲሁ በጩኸት ሰፈሩን አስለቅቃ ነበር።"

ሳቁ። ከዚያ ስለ ሾላ ገበያ ያወሩ ጀመር። ባለቤቴን አየሁት። አየኝ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሌላው እጄ ግሉኮስ ተሰክቶበታል፤ ያልተያዘው እግሬ ብቻ ነበር። በእግሬ በኩል የቆመውን የግሉኮሱን ማቆሚያ ረግጬ ጣልኩት። ሲስተሯ ኳኳታውን ሰምታ ሮጣ ገብታ ሻርፑን ፈታች፤ ያበጠውን አንገቴን ስታይ "ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!" ብላ ጮኸች። ሐኪሙ ደርሶ ስፌቱን እዚያው አልጋዬ ላይ ከፈተው። ደሙ ሲፈስ ትንፋሼ ተመለሰ።

በማግስቱ ሐኪሙ "ከቁስሉ ሥር ደም ተጠራቅሞ የአየር ቧንቧዎን ተጭኖት ነበር" አለኝ። "ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። አንገትዎ ባይሸፈን ኖሮ እብጠቱን ቀድመን እናየው ነበር።" ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል።

ቤት ስገባ እህቱ ለዘመድ ሁሉ "እኔ ባልኖር ሞታ ነበር! ሲስተሯን የጠራኋት እኔ ነኝ" ትል ነበር። ድምፄ ገና አልተመለሰም። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

"አዎ፣ ከአጠገቧ አልተለየችም" አለ።

ዘመዶቹ መረቋት።

ከሳምንታት በኋላ ድምፄ ሲከፈት መጀመሪያ የጠራሁት እሱን ነው። ሌላ ቃል ሳልጨምር "ተይው፣ አለፈ እኮ" አለኝ። እኔ ግን አላለፈልኝም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።